ስለ ሙዚቃ በእንግሊዝኛ ለመናገር የትኞቹን ቃላት ማጥናት ይሻላል? ለአይኤልትስ ተፈታኞች የተዘጋጀ ንጽጽር

የእንግሊዝኛ ችሎታን ለሚለካው ለአይኤልትስ የንግግር ፈተና የተመዘገበ ሰው ሊገጥሙት ከሚችሉት ርዕሶች ሁሉ ሙዚቃ ቀላሉ ይመስለዋል፤ ስለ ሙዚቃ የሚለው ነገር የሌለው ሰው አይገኝምና። ችግሩ የሚመጣው ለዝግጅት ሲቀመጥ ነው። አንዱ የቴሌግራም ቻናል የሙዚቃ ፈሊጦችን ዝርዝር በፒዲኤፍ ይልክለታል፤ ሌላው «የባንድ 9 መልስ» (ባንድ የፈተናው የነጥብ ደረጃ ነው፤ ከፍተኛው 9 ነው) ብሎ በቃል የሚሸመደድ ጽሑፍ ያቀርብለታል፤ ጓደኛው ደግሞ ከበድ ከበድ ያሉ ቃላት ካልተጠቀመ ነጥብ እንደማያገኝ ይነግረዋል። ጊዜውም ገንዘቡም ውስን ስለሆነ ሁሉንም ማጥናት አይችልም፤ ከሁሉም እየቆነጠሩ መግባት ደግሞ በፈታኙ ፊት ሲቀመጡ የትኛው ቃል እንደሚመጣ እንኳ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

ይህ ጽሑፍ መጻሕፍትን ወይም ማሠልጠኛዎችን አያወዳድርም። የሚያወዳድረው ተፈታኙ ጊዜውን ሊያውልባቸው የሚችላቸውን አምስት የቃላት ዓይነቶች ነው፤ እነሱም ተራና መሠረታዊ ቃላት፣ አብረው የሚሄዱ የቃላት ጥምረቶች፣ ፈሊጦች፣ የሙያ ቃላት፣ እንዲሁም የአገራችን ሙዚቃ ስሞች ከነማብራሪያቸው ናቸው።

## በምን እንመዝናቸው?

መመዘኛ ከማውጣታችን በፊት ፈተናው ራሱ ምን እንደሚለካ ማየት ይገባል። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን ለሁለቱም የፈተናው ዓይነቶች፣ ለአካዳሚክም ሆነ ለጄኔራል ትሬይኒንግ ተፈታኞች፣ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ራስ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ልማድና ስለ ምርጫ አጫጭር ጥያቄዎች ይቀርባሉ። በሁለተኛው ክፍል ተፈታኙ ርዕስ የተጻፈበት ካርድ ይሰጠውና አንድ ደቂቃ ተዘጋጅቶ እስከ ሁለት ደቂቃ ድረስ ብቻውን ይናገራል። በሦስተኛው ክፍል ያው ርዕስ ሰፋ ብሎ፣ ስለ ኅብረተሰብና ስለ ለውጥ በሚያነሱ ጥያቄዎች ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ውይይት ይደረግበታል።

ነጥቡ የሚሰጠው በአራት መስፈርቶች ነው፤ የንግግር ፍሰትና ቅንጅት፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ እንዲሁም አነጋገር። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚዘነጋው ግን ቃላት ከነጥቡ አንድ አራተኛውን ብቻ ቢይዙም በሌሎቹ ሦስቱ ላይም እጃቸውን የሚያስገቡ መሆናቸው ነው። በሚገባ ያልተዋሐደን ቃል ለማስታወስ ተፈታኙ ሲቆም ፍሰቱ ይጎዳል፤ ቃሉ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሰዋስዉ ይበላሻል፤ በጽሑፍ ብቻ የተማረው ከሆነ ደግሞ ሲጠራው ፈታኙ ላይረዳው ይችላል። ስለዚህ አንድን ቃል ከማጥናታችን በፊት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ በእነዚህ መመዘኛዎች ልናየው ይገባል፤ ለስንት ጥያቄ ያገለግላል? በስህተት የመጠቀም አደጋው ምን ያህል ነው? ለአማርኛ ተናጋሪ አፍ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ሲነገር የተሸመደደ ይመስላል ወይስ ከሰውዬው የወጣ? ስንት ቀንስ ይፈልጋል?

በይፋ የታተመው የነጥብ አሰጣጥ መግለጫም ይህንኑ ይደግፋል። በባንድ 6 የሚጠበቀው ስህተት ቢኖርበትም ሐሳብን ግልጽ አድርጎ በሰፊው ለመናገር የሚበቃ የቃላት ክምችት ነው። ባንድ 7 ላይ ደግሞ ቃላትን እንደ ሁኔታው መጠቀም፣ አንዳንድ ያልተለመዱና ፈሊጣዊ አባባሎችን ማስገባት፣ ቃላት ከየትኛው ጋር እንደሚሄዱ ማወቅ፣ እንዲሁም የጠፋን ቃል በሌላ አገላለጽ መተካት ይጠየቃል። «አንዳንድ» የሚለው ቃል ልብ ይባል፤ ንግግሩን በፈሊጥ እንዲሞላ ማንንም የሚያዝ መግለጫ የለም።

## ተራ ግን የጠሩ ቃላት

ብዙ ተፈታኝ ይህን ክፍል «አውቀዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከአምስቱ ሁሉ ረዘም ያለ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ምክንያቱም በሙዚቃ ርዕስ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ የሚሠራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከከባድ ቃላት ሳይሆን በየቀኑ ከምንናገራቸው ነገሮች የሚመጡ ናቸው።

«ሙዚቃ ክፈትልኝ» ማለት የለመደ ሰው በእንግሊዝኛም «ኦፕን ዘ ሚዩዚክ» ይላል። እንግሊዝኛ ሙዚቃን አይከፍትም፤ «ፑት ኦን ሳም ሚዩዚክ» ወይም «ተርን ኦን» ነው የሚባለው፤ ድምፅ ለመጨመር «ተርን አፕ»፣ ለመቀነስ «ተርን ዳውን» ይባላል። በአማርኛ ሙዚቃ «እንሰማለን» እንላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን አስበንበት የምናደምጠው ሲሆን «ሊስን ቱ»፣ ከጎረቤት ቤት ሳናስበው ጆሯችን ውስጥ ሲገባ «ሂር» ነው። «ቱ»ን መዋጥ ደግሞ እጅግ የተለመደ ነው፤ «ሊስን ሚዩዚክ» የሚለው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ ከተሰማ ፈታኙ የተፈታኙን ደረጃ መገመት ይጀምራል።

ከበሮ ይመታል፣ በገና ይደረደራል፣ ዋሽንት ይነፋል። እንግሊዝኛ ግን ለሁሉም «ፕለይ» ብሎ ይገላገላል። «ሂት ዘ ማሲንቆ» ያለ ተፈታኝ መሣሪያውን የደበደበው ይመስላል። ዘፋኙ አዲስ አልበም ሲያወጣም «ቴክ አውት» አይባልም፤ «ሪሊስ» ወይም «ብሪንግ አውት» ይባላል።

«ሚዩዚክ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። ስለዚህ «ኧ ሚዩዚክ» እና «ሚዩዚክስ» ሁለቱም ስህተት ናቸው። ግጥም ያለው ከሆነ «ኧ ሶንግ»፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ከሆነ «ኧ ፒስ ኦፍ ሚዩዚክ» ወይም «ኧ ትራክ» ይባላል። ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች ወይም ስለ ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝ ቅንብሮች የሚናገር ሰው ይህ ልዩነት በቀጥታ ይመለከተዋል፤ የፒያኖ ሥራን «ሶንግ» ማለት ሐሳቡን ባያበላሽም፣ «ፒስ» ያለ ተፈታኝ ቃል መምረጥ እንደሚችል በአንድ ክፍለ ቃል ያሳያል።

ሌሎች ሁለት ወጥመዶችም አሉ። «ባህላዊ ሙዚቃ» ለማለት አገር ቤት «ከልቸራል ሚዩዚክ» ማለት በጣም ተለምዷል፤ እንግሊዝኛው ግን «ትራዲሽናል ሚዩዚክ» ወይም «ፎክ ሚዩዚክ» ነው። «አርቲስት» ደግሞ እኛ ዘንድ ተዋናይም ዘፋኝም ነው፤ ለእንግሊዝኛ አድማጭ ግን ብቻውን ሲነገር ሠዓሊን ሊያስመስል ስለሚችል «ሲንገር»፣ «ሚዩዚሺያን» ወይም «አክተር» ብሎ መለየት ይሻላል። «ክሊፕ» ለምንለውም ሙሉውን «ሚዩዚክ ቪዲዮ» ማለት ከጥርጣሬ ያድናል።

እነዚህን ለማስተካከል የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ለሁሉም የሙዚቃ ጥያቄ ያገለግላሉ፤ የስህተት አደጋቸውም አንዴ ከተስተካከሉ ያበቃል። ድክመታቸው ከባንድ 6 በላይ ብቻቸውን የማያደርሱ መሆናቸው ነው።

## የቃላት ጥምረቶች

ሁለተኛው ዓይነት ማለት የፈለግነውን ነገር እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በተለመደው መንገድ የሚሉባቸው የሁለትና የሦስት ቃላት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ቃል በራሱ ቀላል ሆኖ ሳለ ጥምረቱ ግን ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ብዙም አይገኝም። አንድ ነገር በጣም ሲወዱ «አይም ሪሊ ኢንቱ»፤ ዜማ ከአእምሮ አልወጣ ሲል «ኢት ጌትስ ስታክ ኢን ማይ ሄድ»፤ መጀመሪያ ያልወደዱት ዘፈን እየቆየ ሲጥም «ኢት ግሩ ኦን ሚ»፤ ትዝታ ሲቀሰቅስ «ኢት ብሪንግስ ባክ ሜሞሪስ»፤ ሥራ እየሠሩ ከበስተኋላ ሙዚቃ ሲያስከፍቱ «አይ ሃቭ ሚዩዚክ ኦን ኢን ዘ ባክግራውንድ»፤ አብሮ ማዜም «ሲንግ አሎንግ»፤ መሣሪያ መማር መጀመር «ቴክ አፕ»፤ ያለ ኖታ በጆሮ ብቻ መጫወት «ፕለይ ባይ ኢር»። ለቅጽልነት ደግሞ በቶሎ የሚያዝ ዜማ «ካቺ»፣ ሞቅ ያለ «አፕቢት»፣ ልብ የሚነካ «ሙቪንግ»፣ የሚያረጋጋ «ሱዚንግ» ናቸው።

«ምን ዓይነት ሙዚቃ ትወዳለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው እንዲህ ቢመልስ እንይ፦ «አይም ሪሊ ኢንቱ ኦልድ አምሃሪክ ሶንግስ። ማይ ፋዘር ኦልወይስ ሃድ ዘም ኦን ኢን ዘ ካር፣ ሶ ዘይ ብሪንግ ባክ ኧ ሎት ኦፍ ሜሞሪስ።» አንድም ከባድ ቃል የለበትም። ነገር ግን «ኢንቱ»፣ «ሃድ ዘም ኦን» እና «ብሪንግ ባክ» በሁለት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳይጨናነቁ ተቀምጠዋል፤ የአባትና የመኪናው ነገርም መልሱን የሰውዬው የራሱ ያደርገዋል። ተፈታኙ በቀጣዩ ጥያቄ ስለ ፊልም ወይም ስለ ምግብ ቢጠየቅም እነዚሁ ጥምረቶች አብረውት ይሄዳሉ፤ ፊልምም «ግሮው ኦን» ያደርጋል፣ የእናት ወጥም «ብሪንግ ባክ ሜሞሪስ» ያደርጋል።

አደጋቸው በመስተዋድዱ ላይ ነው። «ግሮው ኢን ሚ» ወይም «ኢንተረስትድ ኦን» ብሎ መሳት ቀላል ስለሆነ ጥምረቱን በቁንጽል ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ለዚያውም ስለ ራስ እውነት በሆነ ዓረፍተ ነገር መያዝ ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት በሚገባ ከተያዙ ለዚህ ርዕስ ከበቂ በላይ ናቸው።

## ፈሊጦች

በየቻናሉ «የሙዚቃ ፈሊጦች» ተብለው የሚዞሩት አብዛኞቹ ስለ ሙዚቃ አያወሩም። «ሚዩዚክ ቱ ማይ ኢርስ» ማለት ደስ የሚል ወሬ ሰማሁ ማለት ነው፤ ደመወዝ ተጨመረ ሲባል እንጂ የሚወዱትን ዘፋኝ ለመግለጽ አይውልም። «ፌስ ዘ ሚዩዚክ» የጥፋትን ውጤት መቀበል ነው። «ሪንግ ኧ ቤል» የሆነ ነገር የሰማሁት ይመስለኛል ለማለት፣ «ብሎው ዩር ኦውን ትራምፔት» ደግሞ ራስን ማሞገስን ለመግለጽ ይነገራሉ። ሁሉም ከሙዚቃ ቃል ተበድረው ሌላ ጉዳይ የሚያወሩ ስለሆኑ «ስለሚወዱት ዘፈን ይናገሩ» ለሚለው ካርድ ሲውሉ ከቦታቸው ውጭ ይገባሉ፤ ፈታኙም ከዝርዝር የተሸመደዱ መሆናቸውን ወዲያውኑ ይረዳል።

ከዚህ ጎራ የሚጠቅሙ ጥቂቶች አሉ። «ስትራይክ ኧ ኮርድ» አንድ ነገር የሰውን ስሜት ነካ ለማለት ይሆናል፤ ስለ አንድ ዘፈን ግጥም ሲነገር አይከብድም። ድምፃቸው ለማይገጥም ሰዎች «አይ ካንት ካሪ ኧ ቲዩን» የሚለው ደግሞ በራስ ላይ ቀልድ ስለሆነ ከፈታኙ ጋር ያለውን ድባብ እንኳ ያላላል። ከሁለትና ከሦስት በላይ መያዝ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ አንድ ሳምንት በፈሊጥ ላይ ያጠፋ ሰው ያንኑ ሳምንት በጥምረቶች ላይ ቢያውለው ብዙ እጥፍ ያተርፍ ነበር።

## የሙያ ቃላት

«ሲንኮፔሽን»፣ «ኮርድ ፕሮግሬሽን»፣ «ክሬሸንዶ» እና መሰሎቻቸው ለሙዚቀኛ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። ኪቦርድ የሚጫወት ወይም የሙዚቃ ትምህርት የተማረ ተፈታኝ ሊተዋቸው አይገባም፤ የሚያውቀውን ነገር በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ንግግሩ ክብደት ያገኛል። ሙዚቃን በማዳመጥ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ግን «ምን ማለትህ ነው?» የሚል አንድ ተከታይ ጥያቄ ይበቃዋል፤ የቃሉ ፍቺ ሲጠፋ ከቃሉ ያገኘው ጥቅም በሙሉ ይጠፋል። ለዚህ ሰው «ቢት»፣ «ሪዝም»፣ «ሜሎዲ»፣ «ሊሪክስ»፣ «ቨርስ» እና «ኮረስ» ይበቁታል።

የአነባበብ ወጥመድ የሚበዛውም እዚሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ የሚያገለግሉ ብዙ ተፈታኞች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ በጽሑፍ ያዩትን ተከትለው «ቾይር» ይላሉ፤ ቃሉ የሚነበበው «ኳየር» ተብሎ ነው። የመዝሙር ስም የሆነው «ሂም» መጨረሻው ላይ የተጻፈው ፊደል አይነበብም። የድምፅ ወፍራሙ «ቤይስ» እንጂ «ባስ» አይደለም። በመድረክ የሚቀርብ ሙዚቃ «ላይቭ ሚዩዚክ» ሲሆን «ሊቭ» ሲባል ትርጉሙ ወደ መኖር ይዞራል። «ሪዝም» መካከሉ ላይ ምላስን በጥርሶች መካከል የሚያስወጣ፣ አማርኛ የሌለው ድምፅ አለበት፤ «ሱዚንግ»ም እንዲሁ። በአንጻሩ ሌሎች አገሮች ተፈታኞች የሚቸገሩበት «ዣንራ» ለእኛ ቀላል ነው፤ «ዠ» ፊደላችን ውስጥ አለና። ጭነትም፣ ማለትም አንዱን ክፍለ ቃል ከሌላው አጠንክሮ መጥራት፣ ልብ ሊባል ይገባል፦ «ሜሎዲ» ሲባል ጭነቱ በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ነው፣ «ሚዩዚሺያን» ሲባል ግን በሁለተኛው ላይ ይወድቃል፤ ሁሉንም ክፍለ ቃል እኩል ረግጦ የሚናገር ሰው ንግግሩ ጠፍጣፋ ይሆንበታል።

## የአገራችን ሙዚቃ ከነማብራሪያው

ይህን ዓይነት ብዙ ተፈታኝ «ፈረንጅ አይረዳውም» ብሎ ይሸሻል። የእኔ ግምት ተቃራኒው ነው። ፈታኙ ስለ አሜሪካ ፖፕ የሚሰማው መልስ ሁሉ ሊመሳሰልበት ይችላል፤ ስለ ክራር የሚናገር ሰው ግን የማያውቀውን ነገር በቀላል ቃላት ለማስረዳት ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ ባንድ 7 የሚጠይቀው በሌላ አገላለጽ የመተካት ችሎታ ራሱ ነው።

የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ስም አንድ የተዘጋጀ ማብራሪያ ነው። ክራር «ኧ ስሞል ሃርፕ ዊዝ ፋይቭ ኦር ሲክስ ስትሪንግስ» ሊባል ይችላል። ጠበብቶች ትክክለኛ ምድቡ «ላየር» ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን «ላየር» ሲነገር «ውሸታም» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አንድ ዓይነት ስለሚሰማ «ኧ ስሞል ሃርፕ» ወይም «ኧ ካይንድ ኦፍ ሃርፕ» ማለት አድማጩን ያሳርፋል። ማሲንቆ «ኧ ፊድል ዊዝ ጀስት ዋን ስትሪንግ»፣ ዋሽንት «ኧ ባምቡ ፍሉት»፣ ከበሮ «ኧ ቢግ ድራም»፣ እስክስታ «ኧ ሾልደር ዳንስ» ናቸው። በገና አሥር አውታር ያለው፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ የሚንዛዘዝ፣ በተለይ በዐቢይ ጾም የሚሰማ መሆኑን «ኢት ሃዝ ቴን ስትሪንግስ ኤንድ ኧ ዲፕ፣ በዚንግ ሳውንድ፣ ኤንድ ፒፕል ሜይንሊ ፕለይ ኢት ዱሪንግ ሌንት» በማለት ማስረዳት ይቻላል። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የቁሱ መግለጫ፣ የድምፁ ቅጽል እና ልማዱ ሁሉ ገብተዋል።

ትዝታን ለማስረዳት የሚቸገሩ ብዙዎች ናቸው፤ የቅኝትም የዘፈን ዓይነትም ስም ነውና። በፈተና ጊዜ ሁለቱን ለመለየት መሞከር አያስፈልግም። «ኢትስ ኧ ስሎው፣ ኖስታልጂክ ካይንድ ኦፍ ሶንግ አባውት ሳምዋን ዩ ሚስ» ማለት ይበቃል። ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ጨምሮ ዋና ዋና የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረቱ መሆናቸውን መጥቀስ የሚፈልግ «ኧ ፋይቭ ኖት ስኬል» ይበል፤ «ፔንታቶኒክ» የሚለው ለሚያውቀው ብቻ ይቀመጥ።

ዘፈን የማይሰሙ ተፈታኞችም መፍትሔ የሚያገኙት ከዚሁ ነው። በሃይማኖት ምክንያት ዘፈን የማያዳምጥ ሰው «አይ ዶንት ሊስን ቱ ሚዩዚክ» ብሎ ካቆመ የቃላት ሀብቱን ለማሳየት የተሰጠውን ዕድል በራሱ ይዘጋል። ፈታኙ የሚመዝነው እምነቱን ሳይሆን እንግሊዝኛውን ስለሆነ፣ የሚሰማውን በዝርዝር ይግለጽ። መዝሙር «ሂምስ» ወይም «ሪሊጀስ ሶንግስ»፣ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መዝሙር «ጎስፕል ሚዩዚክ»፣ መንዙማ «ኢስላሚክ ዲቮሽናል ሶንግስ» ሊባሉ ይችላሉ። «ስፒሪችዋልስ» የሚለውን ግን ይጠንቀቁ፤ በእንግሊዝኛ በባርነት ዘመን የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን የፈጠሩት የመዝሙር ዓይነት መጠሪያ ነው።

## በሠንጠረዥ ሲታይ

| የቃላት ዓይነት | ለስንት ጥያቄ ያገለግላል | የስህተት አደጋ | ለአነባበብ | የጥናት ጊዜ | የበለጠ የሚጠቅመው |
|---|---|---|---|---|---|
| ተራና የጠሩ ቃላት | ለሁሉም | አንዴ ከታረመ ዝቅተኛ | ቀላል | ጥቂት ቀናት | ሁሉንም ተፈታኝ፣ በተለይ ባንድ 6 የሚፈልገውን |
| የቃላት ጥምረቶች | ለሁሉም፣ ከሙዚቃ ውጭም | መካከለኛ፣ በመስተዋድድ ላይ | ቀላል | ከ2 እስከ 3 ሳምንት | ባንድ 6.5 እና 7 የሚፈልገውን |
| ፈሊጦች | ለጥቂት | ከፍተኛ | መካከለኛ | ረጅም፣ ትርፉ ትንሽ | ንግግሩ አስቀድሞ የተስተካከለለትን |
| የሙያ ቃላት | ለአንድ ወይም ለሁለት | ለማያውቅ ከፍተኛ | ከባድ | እንደ ሰዉ ዕውቀት | ሙዚቃ የሚጫወተውን |
| የአገር ቤት ሙዚቃ ከነማብራሪያው | ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ክፍል በጣም | ዝቅተኛ፣ ማብራሪያው ከተዘጋጀ | ቀላል | ከ3 እስከ 4 ቀን | የተለየ መልስ የሚፈልገውን፣ ዘፈን የማይሰማውን |

በቃል የተሸመደደ ሙሉ መልስ በሠንጠረዡ ያልገባው ሆነ ብዬ ስለተውኩት ነው። ፈታኞች ይህን ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው። ካርዱ ላይ ያሉት ነጥቦች ከተሸመደደው ጽሑፍ ጋር እምብዛም አይገጥሙም፤ ቢገጥሙም እንኳ ተፈታኙ በሁለተኛው ክፍል እንደ ወንዝ ከፈሰሰ በኋላ በሦስተኛው ክፍል ሲንተባተብ ልዩነቱ ይጋለጣል።

ስለ ሦስተኛው ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች የሙዚቃ ቃላትን አጥንተው ይገቡና እዚህ ሲደርሱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ጥያቄዎቹ ባህላዊ ሙዚቃ ለምን ይጠበቅ፣ ቴክኖሎጂ የማዳመጥ ልማዳችንን እንዴት ለወጠው፣ ልጆች በትምህርት ቤት ሙዚቃ ይማሩ ወይ የሚሉ ናቸውና። እዚህ የሚፈለጉት ቃላት ስለ ኅብረተሰብ የሚያወሩ ናቸው፦ «ፕሪዘርቭ» መጠበቅ፣ «ፓስ ዳውን» ከትውልድ ወደ ትውልድ ማስተላለፍ፣ «ሄሪቴጅ» ቅርስ፣ «ስትሪሚንግ» በኢንተርኔት ማዳመጥ፣ «ኮፒራይት» የቅጂ መብት፣ «ሜክ ኧ ሊቪንግ» ኑሮን መምራት። ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ የተደረገውን ለውጥ በዓይኑ ያየ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ክፍል የሚበቃ ሐሳብ አያጣም፤ የሚጎድሉት እነዚህ ጥቂት ቃላት ናቸው።

## እንደየፍላጎቱና እንደየአቅሙ

ፈተናው ሁለት ሳምንት የቀረውና ባንድ 6 የሚበቃው ሰው የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ተራ ቃላቱን በማረም ያሳልፍ፤ የቀሩትን ደግሞ አሥር በሚሆኑ ጥምረቶችና በሦስት የአገር ቤት ማብራሪያዎች ላይ ያውል። ፈሊጥ አያስፈልገውም።

ባንድ 7 ወይም ከዚያ በላይ የሚፈልግና አንድ ወር ያለው ሰው ጊዜውን በብዛት ለጥምረቶችና ለሦስተኛው ክፍል ቃላት ይስጥ። ሁለት ፈሊጥ ቢጨምር አይከፋም፤ ነገር ግን ሲናገሩ ካልመጡ አይጎትታቸው።

በሥራ ምክንያት በየቀኑ እንግሊዝኛ የሚናገሩ፣ ለምሳሌ በዱባይ ወይም በዶሃ በሆቴልና በቤት ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖች፣ ፍሰት አይቸግራቸውም። የሚጎዳቸው «ጉድ»፣ «ናይስ» እና «ቬሪ ቬሪ» የሚሉትን ጥቂት ቃላት መደጋገማቸው ስለሆነ ቅጽሎቹንና ጥምረቶቹን ያስቀድሙ። በተቃራኒው በዩኒቨርሲቲ ብዙ ያነበቡና ብዙም ያልተናገሩ ሰዎች ቃል አይጎድላቸውም፤ እነሱ አዲስ ዝርዝር ከመፈለግ የሚያውቋቸውን ቃላት ጮክ ብለው መጥራት ይለማመዱ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ምንም የማይከፍል ሰውም በሚገባ መዘጋጀት ይችላል። የነጥብ አሰጣጥ መግለጫውና የናሙና ጥያቄዎች በፈተናው ባለቤቶች ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ፤ ሙዚቀኞች በእንግሊዝኛ የሚሰጧቸው ቃለ ምልልሶች በዩቲዩብ ሞልተዋል፤ የስልክ ድምፅ መቅጃ ደግሞ ሁሉም ዘንድ አለ። ሁለት ደቂቃ ቀድቶ ማዳመጥ፣ የት ላይ እንደቆሙ ምልክት ማድረግና ያንኑ ርዕስ በነጋታው መድገም ከብዙ ኮርስ ይሻላል። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው መጽሐፍ ከመግዛት ይልቅ ንግግሩን ሰምቶ ለሚያርመው መምህር ለጥቂት ክፍለ ጊዜ ይክፈል፤ በተለይ «ቱ»ን መዋጥና «ኧ ሚዩዚክ» ማለት ሰው ራሱን ሲሰማ የማይታወቁት ስህተቶች ናቸው።

በፈተናው ቀን፣ በሁለተኛው ክፍል በሚሰጠው አንድ ደቂቃ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ መሞከር አያዋጣም፤ አራት ወይም አምስት ጥምረቶችን በወረቀቱ ላይ አስፍሮ እነሱን እየተከተሉ መናገር ይቀላል። አንድ ቃል ቢጠፋም መቆም አያስፈልግም። «ሊሪክስ» ካልመጣ «ዘ ወርድስ ኦፍ ዘ ሶንግ»፣ «ካቺ» ካልመጣ «ኢዚ ቱ ሪሜምበር»፣ «ኮረስ» ካልመጣ «ዘ ፓርት ዘት ሪፒትስ» ብሎ መቀጠል ይቻላል፤ ፈታኙም ይህን የሚቆጥረው ለተፈታኙ ጥቅም ነው።